ልጄ ካለችበት ሳትነቃነቅ ኮሌጇ ዲቪዥን ቀየረ

ስልኩ ሲጮህ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት ታክሲዬን ይዤ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ጊዜው የካቲት 2022 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ እዚሁ አሜሪካ በምንኖርበት አቆጣጠር እጽፋለሁ። "አባዬ፣ ዲቪዥን ዋን ልንሆን ነው!" አለችኝ ልጄ። ልጄ ለኮሌጇ ትሮጣለች፤ ዲቪዥን ዋን፣ ማለትም ዲቪዥን አንድ፣ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ ነው። ከኋላዋ የጓደኞቿ ጩኸት ይሰማል። እኔም እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ለእናቷ ደወልኩ፣ እናቷ ለእህቷ ደወለች፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። "ልጅህ ዲቪዥን ዋን ገባች አሉ!" "እንደ ያሬድ ንጉሤ ልታደርገው ነው!" ይሉኛል፤ እኔም አሜን እያልኩ ሻዬን እጠጣለሁ። የአሜሪካው ሯጭ ያሬድ የሮጠበት ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ዱሮውንም ዲቪዥን አንድ ነበር። የእኛ ግን ገና መንገድ ሊጀምር ነው። ያደገው ኮሌጁ እንጂ ልጄ እንዳልሆነች የገባኝ ቀስ በቀስ ነው።

ይህን የምጽፈው በቅርቡ አንድ የእድራችን አባል ደውሎ "የልጄ ኮሌጅ ወደ ዲቪዥን አንድ ሊዛወር ነው፣ ለኛ ምን አለው?" ብሎ ስለጠየቀኝ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ለፈለፍኩለት። ለሱ ያልኩት ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው። የስፖርት ሰው አይደለሁም። ፈረንጅ ተሳፋሪዎቼ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ ሯጭ ነበርክ ወይ ይሉኛል፤ እኔ በሕይወቴ የሮጥኩት አንበሳ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ብቻ ነው።

ዲቪዥን የሚባለውን ነገር እኔም ከዜሮ ነው የተማርኩት። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪ ከ1973 ጀምሮ አባል ኮሌጆቹን በሦስት ከፍሏቸዋል። በዲቪዥን ሦስት ለስፖርት ተብሎ የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ጭራሽ የለም፤ ልጁ የሚያገኘው በትምህርት ውጤቱ ወይም በቤተሰቡ ገቢ የሚሰጠውን ነው። በዲቪዥን ሁለት አለ፣ ግን ተሸራርፎ ነው የሚሰጠው። ልጄ ስትገባ ለሴቶች አገር አቋራጭና ለመም ሩጫ በአንድነት የተፈቀደው 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ አሰልጣኙ ያንን እንደ ድፎ ዳቦ ለቡድኑ ልጆች ይቆርሰዋል። ለልጄ የደረሳት ቁራሽ በዓመት 9 ሺህ ዶላር ነው። በዲቪዥን አንድ ደግሞ ያኔ ለሴቶች የተፈቀደው 18 ነበር። ይህን ስንሰማ እኔና እናቷ ማታ ቁጭ ብለን ሒሳብ ሠራን፤ ከ12.6 ወደ 18 ከሆነማ ቁራሹም ይተልቃል ብለን።

አልተለቀም። 18 ማለት ኮሌጁ የግድ ይሰጣል ማለት ሳይሆን ከዚያ በላይ እንዳይሰጥ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። የኛ ኮሌጅ ድሮም 12.6ቱን ሞልቶት አያውቅም። ዲቪዥኑ ተቀየረ፣ 9 ሺዋ 9 ሺህ ሆና ቀረች፤ የክፍያ ደረሰኙ ላይ ግን "የአትሌቲክስ ክፍያ" የምትለው መስመር ወፈረች። እሷን የሚከፍለው በሕይወቱ ጫማ አስሮ የማያውቀውም ተማሪ ጭምር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ "ስንት ይፈቀዳል?" ሳይሆን "እናንተ በእውነት ስንት ትሰጣላችሁ? ለልጄስ በጽሑፍ የያዛችሁት የአንድ ዓመት ነው የአራት?" ይሁን። የልጄ ወረቀት በየዓመቱ የሚታደስ ነበር፤ እኛ ግን እስክትመረቅ የተሰጠ መስሎን ኖረናል።

ኮሌጁ ለምን መሄድ ፈለገ ብትሉ፣ ስሙ በቴሌቪዥን እንዲጠራ፣ ተማሪም እንዲበዛለት ነው። የኔ ግምት ይህ ነው፤ እነሱ በደብዳቤያቸው የጻፉት በጣም የሚያምር ነገር ነበር። መሄዱ ቀላል አይደለም። መጀመሪያ አንድ የዲቪዥን አንድ ኮንፈረንስ፣ ማለትም እርስ በርስ የሚወዳደሩ ኮሌጆች ማኅበር፣ ና ብሎ መጋበዝ አለበት። ቢያንስ 14 የስፖርት ዓይነት ማካሄድ ያስፈልጋል፤ በዲቪዥን ሁለት 10 ይበቃል። ለማመልከቻ ብቻ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈላል። ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ደግሞ የሽግግር ዓመታት አሉ። በደስታ ጊዜ ማንም የማይነግራችሁ እነዚህን ነው።

እኔ ሽግግሩን የሰማሁት ከተሳፋሪ ነው። መጋቢት 2023 አንድ ሰውዬ ከደለስ ወደ ዲሲ ይዤ ስሄድ የቅርጫት ኳስ ወሬ አላስቀምጥ ብሎታል። ከኒው ጀርዚ የመጣው ፌርሊ ዲኪንሰን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ በብሔራዊው ውድድር አንደኛ ደረጃ የተሰጠውን ፐርዱን 63 ለ58 አሸንፎ አገር ጉድ ብሎ ነበር። "የሚገርመው" አለኝ ተሳፋሪዬ፣ "እነዚህ ልጆች የራሳቸውን ኮንፈረንስ እንኳ አላሸነፉም። በፍጻሜው በሜሪማክ በአንድ ነጥብ ተሸንፈዋል።" ታዲያ አሸናፊው ለምን አልሄደም ስለው፣ "ሜሪማክ በ2019 ነው ከዲቪዥን ሁለት የመጣው፤ ሽግግር ላይ ስለሆነ ለብሔራዊ ውድድር አይፈቀድለትም" አለኝ። እሱ እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔ መሪውን ይዤ በልቤ ዓመት መቁጠር ጀመርኩ። ያኔ ሽግግሩ አራት ዓመት ነበር። የልጄ ኮሌጅ የጀመረው በ2022 መኸር ነው፤ የሚፈቀድለት በ2026 መኸር። ልጄ የምትመረቀው በግንቦት 2025።

ማታ ደወልኩላት።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ አባዬ፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ነው የነገሩን።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደስ ብሎህ ስታወራ እያየሁህ እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

የኮንፈረንሱን ውድድር ይሮጡ ነበር፤ እሱም ጥቅምት መጨረሻ ላይ ያልቃል። ሌሎች ኮሌጆች ወደ ክልል ማጣሪያ ሲሄዱ የኛዎቹ ልብሳቸውን አጥበው ይመልሳሉ። ቡድኑ ብቻ አይደለም የሚከለከለው፤ አንድ ልጅ ለብቻው የቱንም ያህል ቢፈጥን አይሄድም። ልጄ አንደኛ ዓመት እያለች በዲቪዥን ሁለት የክልል ማጣሪያ ሮጣ ነበር። ኮሌጇ ካደገ በኋላ እሱም ቀረባት።

እዚህ ድረስ ያለው ያስከፋል እንጂ አይጎዳም። የጎዳን ሌላ ነው፤ ጥፋቱም ግማሹ የኔ ነው።

ልጄ የገባችው ሳይኮሎጂ ልትማር ነበር። እናቷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ ናት፤ ነርሶቹ ከሷ ምን ያህል እንደሚበልጡ በየሁለት ሳምንቱ ደሞዝ ሲወጣ ታያለች። እኔ ደግሞ የአበሻ አባት ነኝ። "ሳይኮሎጂ ተምረሽ ማንን ልታክሚ ነው? ነርሲንግ እንጀራ ነው" እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ነዘነዝኳት። በመጨረሻ በ2023 ጸደይ ሜጀሯን ቀየረች፣ ነርሲንግም ተቀበላት። ቤት ውስጥ ደስታ ሆነ፤ ዶሮ ተሠራ።

ነሐሴ ላይ፣ ልምምድ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው፣ የኮምፕላየንስ ቢሮ ጠራት። ይህ ቢሮ ተማሪው የኤንሲኤኤን ደንብ ማሟላቱን የሚያጣራው ነው። "በዚህ ሴሚስተር መወዳደር አትችይም" አሏት። ጂፒኤዋ 3.4 ነው። የወደቀችው ትምህርት የለም። መጀመሪያ የስም ስህተት መስሎን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዲቪዥን ሁለት እያሉ ከልጄ የሚጠበቀው በዓመት 24 ክሬዲት፣ በሴሚስተር 9 ክሬዲት ማለፍና 2.0 ጂፒኤ መያዝ ነበር። በዲቪዥን አንድ ግን 40፣ 60፣ 80 የሚሉት ሕግ አለ። ተማሪው ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ከሚመረቅበት ዲግሪ 40 በመቶውን፣ አራተኛውን ሲጀምር 60 በመቶውን፣ አምስተኛውን ሲጀምር 80 በመቶውን ጨርሶ መገኘት አለበት። ልብ በሉ፣ የሚቆጠረው የወሰደው ክሬዲት ሁሉ ሳይሆን ለዚያ ለተመዘገበበት ዲግሪ የሚያገለግለው ብቻ ነው። ልጄ 58 ክሬዲት አልፋለች። ለነርሲንግ የሚቆጠሩላት 43 ናቸው። ዲግሪው 120 ነው፤ 40 በመቶው 48 ይሆናል። አምስት ክሬዲት ጎደለባት። በሳይኮሎጂ ብትቆይ ኖሮ ምንም አልነበረባትም።

አምስት ክሬዲት ማለት ሁለት የክረምት ኮርስ ነው። ሰፈራችን ባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሰኔና ሐምሌ ልትጨርሰው ትችል ነበር፤ ያን ክረምት እኮ ቤት ነው የከረመችው፣ ካፌ እየሠራች። ማንም አልነገራትም፣ እኛም አልጠየቅንም። የቢሮዋ ሴትዮ ክፉ ሰው አይደለችም። ለዚያ ሁሉ ስፖርት እሷና አንድ ረዳት ብቻ ናቸው፣ አዲሱን ደንብ ራሳቸውም እየተማሩት ነበር። እንዲህ ያለው ጉዳይ ሲገጥም ኮሌጁ ለኤንሲኤኤ ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅ እንደሚችል የሰማነው እንኳ ውድድሩ ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው።

እና ይህን የምታነቡ፣ የልጃችሁ ኮሌጅ ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ፣ ዘንድሮ ግንቦት ላይ አንድ ነገር አድርጉ። ልጃችሁ "ዲግሪ ኦዲት" የሚባለውን ወረቀት ከኮሌጁ ድረ ገጽ ያውጣ። እሱ ላይ ከዲግሪው ስንት በመቶ እንደተጠናቀቀ ይታያል። ወረቀቱን አያይዞ ለኮምፕላየንስ ቢሮ "በዲቪዥን አንድ ደንብ ለመጪው መኸር ብቁ ነኝ ወይ?" ብሎ በኢሜይል ይጠይቅ። በቃል አይደለም፣ በኢሜይል። ሜጀር ለመቀየር ካሰበ ደግሞ ከመቀየሩ በፊት ይጠይቅ። የክረምት ኮርስ ሌላ ቦታ ከወሰደም ኮሌጁ ለዲግሪው እንደሚቆጥርለት አስቀድሞ በጽሑፍ ያስፈርም። ሁሉንም በክረምት እሞላዋለሁ ማለትም አይቻልም፤ በዓመት ቢያንስ 18 ክሬዲት በመደበኛው መኸርና ጸደይ መማር አለበት፣ በየሴሚስተሩም ከ6 በታች ማለፍ አይፈቀድም። ሴትዮዋ ይህን በነጭ ወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች፤ እስካሁን የታክሲዬ ኪስ ውስጥ አለ።

ያን መኸር ልጄ ከቡድኑ ጋር ተለማመደች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አጥር ጥግ ቆማ ጃኬት ትይዝላቸዋለች። አንድ ቀን ልያት ሄጄ፣ ስትመለስ መኪና ውስጥ "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳት። "ነርሲንጉን ወድጄዋለሁ" ብቻ አለችኝ፣ ሬዲዮውን ከፈተችው። ጥር ላይ የጎደለው ተሟልቶ መም ላይ ተመለሰች።

ከወንዶቹ ቡድን ደግሞ አንድ የአበሻ ልጅ ነበር። የሱ ከልጄም የከፋ ነው። አባቱ ሲታመምበት ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጦ ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ሲሠራ ቆይቶ የተመለሰ ልጅ ነው። በዲቪዥን ሁለት ደንብ የሚቆጠረው የተመዘገበበት ሴሚስተር ነው፤ አሥር ሴሚስተር ይሰጠዋል፣ ሲያቋርጥ ቆጠራው ይቆማል። በዲቪዥን አንድ ግን መጀመሪያ ሙሉ ተማሪ ሆኖ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ይቆጠራል፤ ታመመ፣ ሠራ፣ አረፈ ሳይል ሰዓቱ ይሄዳል። ልጁ ቀረኝ ብሎ የያዘው ዓመት ሥራ ላይ ሳለ አልቆ ነበር። ለቤተሰብ ሲሉ ትምህርት ማቋረጥ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ዓመት ያለበት ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ሌላው ለውጥ አሰልጣኙ ነው። ልጄን የመለመላት ሰውዬ ከአንድ ዓመት በኋላ ለቀቀ። አዲሱ ሲመጣ ከሱ ጋር አዳዲስ ልጆች መጡ፣ ሁለቱ ከኬንያ። ይህንን ቤተ ክርስቲያን አላወራሁም። በአገር አቋራጭ አንድ ቡድን ሰባት ሯጭ ያሰልፋል፣ ነጥብ የሚቆጠረው ግን የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ነው። ልጄ በዲቪዥን ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነበረች። በ2024 መኸር ስድስተኛ ሆነች፤ ትሮጣለች፣ አትቆጠርም። ፍጥነቷ ግን ተሻሽሎ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ለእናት ማስረዳት እንዴት ከባድ ነው! "ፈጥና ወደ ኋላ ቀረች ነው የምትለኝ?" ትለኛለች።

ያን ጊዜ "ለምን አትዛወርም?" የሚለኝ ሰው በዛ። ትራንስፈር ፖርታል ከ2018 ጀምሮ አለ፤ ተማሪው ስሙን ያስገባል፣ ሌሎች አሰልጣኞች ያዩታል። ከቡድኗ ልጆች ብዙዎቹ በሽግግሩ የመጀመሪያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ ወጥተዋል፤ ግማሾቹ ወደ ሌላ ዲቪዥን ሁለት ኮሌጅ ሄደው ብሔራዊ ውድድር ሮጠዋል፣ በደንብ አደረጉ። ለኛ ግን ሁለት ነገር ያዘን። ስሟ ፖርታል ውስጥ ከገባ ኮሌጁ ለቀጣዩ ጊዜ የሚሰጣትን ገንዘብ ሊያቆም ይችላል፣ ሌላ ካላገኘችም የመመለስ መብት የላትም። ሁለተኛው ነርሲንጉ ነው፤ የነርሲንግ ክሬዲት ከኮሌጅ ኮሌጅ እንደ ሻንጣ ተሸክመው የሚሄዱት ነገር አይደለም። መቅረቷ ልክ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ለእግሯ ምናልባት አልነበረም፣ ለዲግሪዋ ነበር። ሳይኮሎጂ ላይ ብትሆን ሂጂ እላት ነበር።

መንገዱም ረዘመ። ዱሮ ውድድር ሁሉ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ነበር፤ አዲሱ ኮንፈረንስ ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት የሚወስድ አለ። ነርሲንግ ደግሞ ገና ሳይነጋ ሆስፒታል መግባት አለው፣ ልምምድም ገና ሳይነጋ ነው። ከአሰልጣኙ ጋር ተነጋግራ በሳምንት ሁለት ቀን ለብቻዋ ማታ እንድትሮጥ ተስማሙ። በጨለማ ብቻዋን መሮጧ እኔን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፤ በኋላ አንዲት የነርሲንግ ልጅ በብስክሌት ታጅባት ጀመር።

ወደ ታች የሚወርዱም እንዳሉ አትርሱ። ዘመዴ የወንድ ልጁን ኮሌጅ ሲመርጥ "ዲቪዥን አንድ ከሆነማ ምን ቸገረኝ" ሲል ሰምቼው፣ የሃርትፎርድን ነገር ነገርኩት። የሃርትፎርድ ዩኒቨርሲቲ በመጋቢት 2021 በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለትልቁ የቅርጫት ኳስ ውድድር አለፈ፤ በግንቦት፣ ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ወደ ዲቪዥን ሦስት ልንወርድ ነው ብሎ አስታወቀ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ፔንሲልቬኒያ ያለው የቅዱስ ፍራንሲስ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ውድድር ተጫውቶ በሳምንቱ እንደዚያው አደረገ። ዲቪዥን ሦስት ሲደረስ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ተገፍቶ የሚወጣም አለ፤ ሚኒሶታ ውስጥ ቅዱስ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ በስፖርት በጣም ስለበለጣቸው የዲቪዥን ሦስት ጎረቤቶቹ ከኮንፈረንሳቸው አስወጡት፣ እሱም በ2021 ሁለተኛውን ዘሎ በቀጥታ አንደኛ ገባ። ልጃችሁ የገባበት ዲቪዥን እስኪመረቅ እንዳለ ይቆያል ብላችሁ አትማሉ።

ወደኛ ልመለስ። ጥር 2025 ልጄ አንድ የዜና ማስፈንጠሪያ ላከችልኝ፣ ምንም ሳትጽፍበት። ኤንሲኤኤ ከዲቪዥን ሁለት ለሚመጡ ኮሌጆች ሽግግሩን፣ መመዘኛውን ካሟሉ፣ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አሳጥሮታል። ታክሲዬን ጥግ አስይዤ እንደገና ቆጠርኩ። በ2022 የጀመረ በ2025 መኸር ይፈቀድለታል። ሜጀር በመቀየሯ አንድ ሴሚስተር ስለዘገየች የምትመረቀው በታኅሣሥ 2025 ሆኗል። ያ የታገደችበት የ2023 መኸር ደግሞ ስላልሮጠችበት አልተቆጠረባትም፤ የአገር አቋራጭ አንድ የውድድር ዘመን በእጇ አለ፣ የአምስት ዓመቱም ሰዓት ገና አላለቀም። በነዝናዛ አባት ምክንያት የጠፋችው ዓመት ተመልሳ መጣች ማለት ነው። ለእናቷ ስነግራት "እኔ ድሮም ነርሲንግ ይሻላል ብያለሁ" አለች።

በዚያው ዓመት የሳንዲያጎው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2020 ከዲቪዥን ሁለት የመጣው፣ የአራት ዓመት ቅጣቱን ጨርሶ በተፈቀደለት በመጀመሪያው ዓመት የወንዶቹም የሴቶቹም የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለብሔራዊ ውድድር አለፈ። ልጄና ጓደኞቿ የወንዶቹን ጨዋታ ከሚሺጋን ጋር ሲያዩ በስልክ ጩኸታቸውን ሰማሁ፤ በሦስት ነጥብ ነው የተሸነፉት።

ሰኔ ላይ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ መጣ። ሃውስ የሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት ሰኔ 6 ቀን ጸደቀ፤ ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፣ በዚያው ልክ የገቡበት ኮሌጆች የቡድን ብዛታቸውን እንዲገድቡ አደረገ። ለአገር አቋራጭ 17፣ ለመም 45 ልጅ ብቻ። ቡድኗ ውስጥ ከዚያ በላይ ነበሩ፣ አምስተኛ ዓመት ላይ ያለች ስድስተኛ ሯጭ ደግሞ መጀመሪያ የምትቀነስ ናት ብዬ ፈራሁ። ኮሌጁ ስምምነቱ ውስጥ እንዳልገባ እስክንሰማ ሁለት ሳምንት አለፈ። የናንተም ኮሌጅ ገብቷል ወይስ አልገባም፣ ዘንድሮ አልገባም ካለ በሚቀጥለው ዓመት ሊገባ አስቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ገንዘቡ በብዛት ለአሜሪካን ፉትቦሉና ለቅርጫት ኳሱ ነው፤ ቁጥር መቀነሱ ግን ሯጭና ዋናተኛውንም ይነካል።

ክረምቱ ሳያልቅ ኮሌጁ ሙሉ አባል መሆኑ ተነገረ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ሥራ ቀርቼ ከእናቷ ጋር ሌሊት ተነስተን ወደ ክልል ማጣሪያው ነዳን። ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ከሁለት መቶ በላይ ልጆች በአንድ መስመር ቆመው ሽጉጡ ሲተኮስ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። እናቷ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ደርባ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ትላለች። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስታልፍ ስሟን ጠራሁ፣ አልሰማችኝም። ከአዲሶቹ ልጆች አንዷ በአራተኛው ላይ እግሯን ይዛ ስታነክስ አየሁ፤ አዘንኩ፣ ከዚያም ቆጠርኩ፤ መቁጠሬን ለእናቷ አልነገርኳትም።

ልጄ 131ኛ ወጣች። ቡድኑ አላለፈም፤ ከየክልሉ በቀጥታ የሚያልፉት ሁለት ቡድኖች ናቸው፣ እኛ የዚያ ጎረቤት እንኳ አልነበርንም። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ መጣች። ቴርሞሱን ከፍቼ ሻይ ቀዳሁላት፣ በሁለት እጇ ይዛው መጠጣት አቃታት፣ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

"አባዬ" አለችኝ፣ "አምስተኛ ነኝ። ተቆጠርኩ።"

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ሆስፒታል ተመድባ ስለነበር ቡድኑን ሳትጠብቅ ከኛ ጋር ተመለሰች፤ ኋላ ወንበር ላይ በእናቷ ነጠላ ተጠቅልላ እስክንደርስ ተኛች።